መንግሥት ከየት እስከ የት?

ጥያቄ፦ ከሞረትና ጅሩ ገበሬዎች ጤፍና ስንዴ እየገዛሁ ወደ አዲስ አበባ የምጭን፣ እነዋሪ ከተማ የምኖር የእህል ነጋዴ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ልጄ፣ በውጭ አገር ወግ አጥባቂ የሚባሉት ፖለቲከኞች መንግሥት ከገበያ እጁን እንዲያወጣ እንደሚፈልጉ ይነግረኛል። እኔ ደግሞ መንግሥት ከተወው መንገዱን ማን ይሠራል፣ ሚዛን የሚያዛባውንስ ማን ይዳኛል እያልኩ እከራከረዋለሁ። ማናችን ነን የተሳሳትነው? አስተሳሰቡ ለእኛ አገርስ ይሆናል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ልጅዎ የነገረዎት እውነት ነው፤ ግን አጉድሎ ነው የነገረዎት። የነጻ ገበያ አስተሳሰብ አባት ተደርጎ የሚቆጠረው ስኮትላንዳዊው አዳም ስሚዝ ራሱ ለመንግሥት ሦስት ሥራዎችን ሰጥቶታል፤ አገርን ከወራሪ መከላከል፣ ፍትሕን ማስፈን፣ እንዲሁም ለሁሉም የሚጠቅሙ ሆነው አንድ ግለሰብ ቢሠራቸው ወጪውን የማይመልሱለትን እንደ መንገድና ድልድይ ያሉ ሥራዎች ማከናወን። ስለዚህ መንገድዎም ሚዛንዎም በአስተሳሰቡ ውስጥ ቦታ አላቸው። ውስን መንግሥት የሚባለው ሥልጣኑ በሕግ የተከለለ፣ ውል ሲፈርስ ለመዳኘት የሚበረታ፣ ዜጋው ምን አምርቶ በስንት እንደሚሸጥ መወሰን ግን የማይፈቀድለት መንግሥት ነው። ደካማ መንግሥትማ ሚዛን አዛቢውንም አይዳኝም።

ወሰኑ ሲጣስ ምን እንደሚከተል፣ በዕድሜ ገፋ ያሉ የአካባቢዎ ገበሬዎች ከማንም የተሻለ ያስታውሱታል። በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበራት የኮታ እህል እንዲያስረክቡ ይገደዱ ነበር፤ ዋጋውን የሚቆርጠው መንግሥት ሲሆን፣ የተቆረጠውም ከገበያው ዋጋ እጅግ ያነሰ ነበር። ምርቱ ያልበቃው ገበሬ በገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ እስከ ማስረከብ ደርሷል። እህል ከአካባቢ ወደ አካባቢ እንዳይሻገር ኬላ ላይ ይያዝ ስለነበር፣ እርስዎ ዛሬ በግልጽ የሚሠሩት ሥራ ያን ጊዜ ሊያሳስር ይችል ነበር። ለዚህ ሁሉ የባለሥልጣናቱን ክፋት ብቻ ምክንያት ማድረግ አይበቃም፤ ከተሜውን በርካሽ መመገብም የታሰበ ዓላማ ነበርና። የጅሩ ጥቁር አፈር ዘንድሮ ምን ያህል ውኃ እንደሚያቁር፣ በሬ የሞተበት ገበሬ ስንት ጥማድ ማረስ እንደሚችል፣ ቢሮ የተቀመጠ ሰው ቅን ቢሆንም ሊያውቀው አይችልም። ይህን የመሰለው ዝርዝር ተጠራቅሞ የሚታየው በገበያ ዋጋ ላይ ነው፤ ዋጋው በትእዛዝ ሲቆረጥ ደግሞ መረጃውም አብሮ ይጠፋል። ኮታውም ሆነ በእህል ዝውውር ላይ የነበረው ገደብ የተነሳው በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ነው።

ወግ አጥባቂነት ግን ከነጻ ገበያ ጋር አንድ አይደለም። የወግ አጥባቂነት አባት ተደርጎ የሚቆጠረው፣ በእንግሊዝ ፓርላማ ያገለገለው ኤድመንድ በርክ የፈረንሳይን አብዮት የተቃወመው፣ በብዙ ትውልድ የተገነባን ሥርዓት በአንድ ጊዜ ማፍረስ ማንም ያላሰበውን ጥፋት ያመጣል በሚል ነበር። ገበያ ደግሞ ራሱ ልማድን ስለሚያፈርስ፣ ሁለቱ አስተሳሰቦች በአንድ ፓርቲ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ እንኳ መጋጨታቸው አይቀርም፤ ልጅዎ ይህን ሳይጠቅሰው የቀረ ይመስለኛል።

ለእኛ አገር ይሆናል ወይ ለሚለው፣ ከባዱ ፈተና መሬት ነው። መንዝና ተጉለት በርስት ቀልድ የማይታወቅበት አገር ነበር፤ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ግን የገጠር መሬትን በሙሉ የሕዝብ ሀብት አደረገው። አዋጁ ጭሰኛውን ከባለመሬቱ ቀንበር ማላቀቁ አይካድም፤ የራሱን ርስት ያርስ የነበረውን ግን የመንግሥት ባለይዞታ አደረገው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 41 ማንኛውም ዜጋ በመረጠው የኢኮኖሚ ሥራ እንዲሰማራ ሲፈቅድ፣ በአንቀጽ 40 መሬት እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ይከለክላል። ገበሬው ይዞታውን ያወርሳል፣ ያከራያል፤ አይሸጥም። በክፉ ዘመን ተሽጦ ገበሬው ባዶ እጁን እንዳይቀር የሚለው ስጋት ተራ ሰበብ ነው ብዬ አላጣጥለውም። በእኔ እምነት ግን የበርክን ጥንቃቄ ከልቡ የሚወስድ ሰው ሽያጩን በአንድ አዋጅ ከመልቀቅ በፊት፣ መሬት ለልማት ሲወሰድ ተመጣጣኝ ካሣ ሳይከፈል ገበሬው እንዳይነሳ፣ ቅር ሲለውም ነጻ ፍርድ ቤት እንዲያገኝ ይታገላል።

ለእርስዎ ሥራ ከዚህ ክርክር ይልቅ የሚቀርበው ጭነት ይዘው ሲሄዱ መንገድ ላይ የሚጠየቁት ክፍያ ነው። የትኛው ሕግ እንደፈቀደው የመጠየቅ፣ ከከፈሉም ደረሰኝ የመቀበል መብት አለዎት።