ገናን በሽቱትጋርት ከጓደኞች ጋር ማክበር፦ ለእህታችን ጥያቄ መልስ

ውድ እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ያለፈውን ገና ስልክሽን ታቅፈሽ ብቻሽን ማሳለፍሽን፣ ዘንድሮ ግን አንዲት ኤርትራዊት፣ አንድ ሙስሊም የአገራችን ልጅና ሁለት ጀርመናውያን ጓደኞችሽን ጠርተሽ ለማክበር ማሰብሽን ጽፈሻል። ታኅሣሥ 29 ሐሙስ ስለሚውል በዓሉን ወደ ቅዳሜ ላዛውረው ወይ፣ ለአምስት ሰው የሚሆነውንስ በጠባብ ማእድ ቤት እንዴት ላድርገው ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ እዚሁ ሽቱትጋርት 11 ገና ስላከበርኩ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱንም በራሴ ስሕተት ስላበላሸኋቸው፣ የማውቀውን ልንገርሽ።

ከሁሉ አስቀድሞ እባክሽ ቀኑን አታዛውሪው። በመጀመሪያው ዓመት እኔም ለሁሉም ይመቻል ብዬ ወደ ቅዳሜ አዛውሬው ነበር። ቅዳሜ ማታ ዶሮው ቀርቦ፣ ቤቱ በሰው ሞልቶ እናቴ ዘንድ ስደውል፣ እዚያ በዓሉ ካለፈ ቆይቷል፤ የተረፈው ወጥ ተሟጦ፣ ቄጠማው ተጠርጎ፣ እርሷም ወደ ዘወትር ሥራዋ ተመልሳለች። ምግባችን ጥሩ ነበር፤ የገና ስሜት ግን አልነበረውም። አንቺ ሽንኩርት ስትከትፊ እናትሽም በዚያው ሰዓት እየከተፈች መሆኗን ማወቅ ምን ያህል እንደሚያጽናና ያየሁት በኋላ፣ ቀኑን በቀኑ ማክበር ስጀምር ነው።

ደግሞም የምንኖርበት ክፍለ ግዛት ለዚህ የተመቸ ነው። በእኛው በባደን-ቩርተምበርግ፣ እንዲሁም በባየርንና በዛክሰን-አንሃልት ጃንዋሪ 6 የሦስቱ ነገሥታት በዓል ስለሆነ ሥራ ዝግ ነው፤ ስለዚህ በርሊንና ፍራንክፈርት ያሉት ወገኖቻችን ሥራ በሚውሉበት በገና ዋዜማ እኛ ሙሉ ቀን እናገኛለን። ሱቆችም አብረው ስለሚዘጉ ግን የሚገዛው ሁሉ እስከ ጃንዋሪ 5 ማታ ቤትሽ መግባት አለበት። ለሐሙሱ ኅዳር 15 ጾሙ ሲገባ የዓመት ፈቃድሽን ጠይቂ፤ ከዚያ ከዘገየሽ ሌሎች ሊቀድሙሽ ይችላሉ።

ሁለተኛው ስሕተቴ ሁሉንም ብቻዬን መሥራቴ ነበር። በቀኑ አከበርኩ፤ ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ ምድጃ ሥር ቆሜ አድሬ፣ እንግዶቼ ሲመጡ እግሬ ዝሎ፣ ከጨዋታው ተለይቼ በገዛ ቤቴ ቁጭ ብዬ ዋልኩ። አንቺ ጓደኞችሽን ለሐሙስ ምሳ ብቻ ሳይሆን ለረቡዕ ቀትር፣ ለሽንኩርቱ ጥሪያቸው። ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ደቅቆ ሲከተፍ፣ እንባው፣ ሳቁ፣ የየቤቱ ታሪክ ሁሉ አብሮ ይወጣል። ኤርትራዊቷ እህታችን ልደትን የምታከብረው በዚሁ ቀን ስለሆነ፣ ስለ ጸብሒ ደርሆ፣ ስለ እነርሱ ዶሮ ወጥ፣ የምትነግርሽ አይጠፋም፤ ከእርሷ ጋር በበርበሬው መጠን ላይ መከራከራችሁም አይቀርም።

ዶሮውን በተመለከተ፣ ከሱፐርማርኬት የሚገዛው ለጋ ዶሮ ወጡ ውስጥ ይፈራርሳል። ጀርመኖች ዙፐንሁን የሚሏትን፣ እንቁላል ጥላ ጥላ ለሾርባ የምትሸጠውን ዶሮ ፈልጊ፤ ሥጋዋ ጠንካራ ስለሆነ እንደ አገራችን ዶሮ እሳት ትችላለች። በ12 ብልት አውጥተሽ በሎሚና በጨው ውኃው እስኪጠራ እጠቢያት። ቁሌቱን አታጣድፊው፤ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ውኃውን ጨርሶ፣ በርበሬው ገብቶ ጥሬነቱ እስኪለቅ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ አማሳዩም በየተራ ይለዋወጥ። ቅቤውን እዚሁ ከሚሸጠው ጨው አልባ ቅቤ በኮረሪማ፣ በኮሰረትና በበሶብላ አንጥሪው። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ በሻንጣ የሚገባ የወተት ተዋጽኦና ሥጋ ስለሚከለክል፣ እናቴ በጠርሙስ ያሸገችልኝ ቅቤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ቀርቶብኛል፤ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። ቅመሙን ግን ከአገር ቤት አስልኪ።

የወጡን ጨው ማን ይቀምሰዋል? ጾመኛ ሁሉ ዋዜማው ላይ ፍስክ አይቀምስምና ይህ በየዓመቱ ያስቸግረን ነበር። አንድ ዓመት ማንኪያውን ለአንድ ጀርመናዊ ጓደኛችን ሰጠነው። ስድስት ሰዎች አፍ አፉን እያየን ስንጠብቅ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ጥቂት ዝም አለና ጨው ይጎድለዋል አለን። እንዳለው ጨምረን በማግሥቱ ስንበላ ልክ ሆኖ አገኘነው። ከዚያ ወዲህ ዋዜማው ላይ ቀርቶ አያውቅም፤ ማንኪያውንም የሚቀማው የለም። ለአንቺም ጀርመናውያን ጓደኞችሽ ለዚህ ይሆኑሻል።

ሙስሊሙን ወንድማችንን አስቀድመሽ በግልጽ አነጋግሪው። አገር ቤት እንደምናውቀው ሥጋው ይለያልና፣ የእርሱ ዶሮ ከቱርኮች ሥጋ ቤት ተገዝቶ በሌላ ድስትና በሌላ ማማሰያ ይሠራ። ዶሮ ከመግባቱ በፊት ቁሌቱን ለሁለት ድስት ክፈዪው፤ ድካሙ አንድ ሆኖ ሁሉም ሳይሳቀቅ ይበላል። አንድ ዓመት ይህን ሳንጠይቅ ቀርተን አንድ ወዳጃችን በገና ቀን እንጀራ በሽሮ ብቻ በልቶ ሄዷል፤ እርሱ ምንም አላለም፤ እኛ ግን አልረሳነውም።

ለድፎው ኮባ ብታጪ፣ የእስያ ሱቆች በረዶ ያደረጉትን የሙዝ ቅጠል ይሸጣሉ፤ ጥሩ አድርጎ ይተካዋል። ቡናውን ስትቆዪ የማእድ ቤቱን በር ዝጊና መስኮቱን ክፈቺ፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው ብዙውን ጊዜ የሚገጠመው መኝታ ቤትና መተላለፊያ ላይ ስለሆነ ጭሱ ወደዚያ ካልሄደ አይጮኽም። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የጸጥታ ሰዓት ነውና፣ ለጎረቤቶችሽ ቀደም ብለሽ አጭር ማስታወሻ ደረጃው ላይ ለጥፊ፤ ድፎው ሲወጣም ቁራሽ አድርሺላቸው።

ቅዳሴ የሚያድሩ ካሉ ሄደው ይምጡ። ሐሙስ ጠዋት እኛ ከላሊበላ ቤተ ማርያም የሚተላለፈውን ቤዛ ኩሉ ከፍተን ነው ማእዱን የምንዘረጋው። በብርዱ ወራት ጀርመን ከአገር ቤት በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ ስልኩን ከቁርስ በፊት ደውዪ፤ ኋላ መስመሩ ይጨናነቃል። ከሰዓት በኋላ ጉልበት ከተረፋችሁ ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ይዛችሁ ወደ መናፈሻ ውጡ፤ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የሚለውን ግን ለጀርመናውያኑ አስቀድማችሁ አስረዷቸው።

ድስትን በተመለከተ አትግዢ። እኔ ዘንድ 15 ሊትር የሚይዝ ድስትና የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ፤ የእኛ ቤት ዘንድሮ በትንሹ ስለሚሠራ እስከ ጃንዋሪ 4 መጥተሽ ውሰጃቸው። የምጣዱ ክዳን እጀታ ስለላላ በጨርቅ ያዢው።