ሰርቨራችን በጾም ለምን ሰነበተ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ደብረ ብርሃን አቅራቢያ ባለ የወተት አምራቾች ማኅበር ውስጥ በኮምፒውተር ባለሙያነት እሠራለሁ። ገበሬው ጠዋትና ማታ ወተቱን ወደ መሰብሰቢያው ሲያመጣ ተረካቢዋ ሊትሩን በስልኳ ትመዘግባለች። መዝገቡ ወደ ሰርቨራችን ይገባና ለገበሬው በአጭር መልእክት ማረጋገጫ ይላክለታል። ፕሮግራሙ በኖድ ጄኤስ (ጃቫስክሪፕትን በሰርቨር ላይ በሚያሠራው መሣሪያ) የተጻፈ ነው፤ የጻፈው ልጅ ሥራ ለቋል። ሰርቨሩ ሲነሣ ፈጣን ነው፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ግን ሜሞሪው ሞልቶ ይወድቃል፤ ያውም ጠዋት ወረፋው በደራበት ሰዓት። በዐቢይ ጾም ከሳምንት በላይ ሳይወድቅ ሰነበተ፤ ምክንያቱ አልገባኝም። ለጊዜው ሌሊት ሌሊት ራሱን አጥፍቶ እንዲነሣ አድርጌዋለሁ። ኃላፊያችን «ሜሞሪ እንጨምርለት» ይላሉ። ደግሞ ማለዳ ላይ «ማክስ ሊስነርስ ኤክሲድድ» (የአድማጮች ቁጥር ከገደቡ አለፈ) የሚል ማስጠንቀቂያ ሎጉ (የፕሮግራሙ የውሎ መዝገብ) ውስጥ አንዴ ይጻፋል። ጓደኛዬ ገደቡን ከፍ ካደረግሽው ይጠፋል ብሎኛል። ምን ይመክሩኛል?
ሰ. ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እኅቴ ሰ.፣ ገደቡን አትንኪው። ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ።

ከጻፍሽልኝ ሁሉ ትልቁ ፍንጭ «አልገባኝም» ብለሽ ያለፍሽው የጾሙ ነገር ነው። በሁዳዴ 55 ቀን ወተት ፈላጊው ይቀንሳል፤ ወደ መሰብሰቢያው የሚመጣው ያንሳል፤ ወደ ሰርቨሩ የሚገባው መዝገብም እንደዚያው። ሜሞሪውን የሚሞላው ጊዜ እየጠበቀ የሚሠራ ነገር ቢሆን ኖሮ ጾም ፍስክ ሳይል በሦስተኛው ቀን በጣለው ነበር። ወተቱ ሲቀንስ ዕድሜው ከረዘመ፣ እያንዳንዱ ርክክብ ትንሽ ነገር ጥሎ እየሄደ ነው። የምትፈልጊው እንግዲህ ከርክክብ ጋር የሚመጣና ርክክቡ ሲያልቅ የማይሄድ ነገር ነው። ሌላውን ኮድ ለጊዜው ተይው።

ሜሞሪው ሲሞላ ብዙ ባለሙያ የኖድ ጄኤስ የራሱ ጽዳት የተበላሸ ይመስለዋል። ጽዳቱን የሚሠራው ቪ8 የተባለው ሞተር ነው፤ እሱም ደንቡን ጠብቆ ይሠራል። በግጦሽ ላይ ገመዷን የያዘ ሰው እስካለ ድረስ ላሚቱን ባዝና የመጣች ናት ብሎ የሚወስዳት የለም፤ ቪ8ም አንድ ዕቃ በሌላ በሚሠራበት ዕቃ እስከተያዘ ድረስ አይነካውም። ስለዚህ ጥያቄሽ «ሜሞሪ የበላው ምንድን ነው?» ከሚለው ይልቅ «ይህን ዕቃ እስካሁን የያዘው ማን ነው?» የሚለው ይሁን።

አሁን ወደ ማስጠንቀቂያው። አንድ ኢቨንት ኢሚተር (ክስተት ሲደርስ የሚያሳውቅ የፕሮግራሙ ዕቃ) ለአንድ ዓይነት ክስተት ከ10 በላይ አድማጭ፣ ማለትም ክስተቱ ሲደርስ እንዲሠራ የተሰጠ የኮድ ቁራጭ፣ ሲመዘገብበት ነው ይህን የሚጽፈው፤ የሚጽፈውም ለዚያ ክስተት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አንቺ ሌሊት ስለምታስነሺው ማለዳ የመጀመሪያዎቹ ገበሬዎች ሲረከቡ ይጽፍና ዝም ይላል። አድማጩ ግን እስከ ማታ መቶም ሺህም ሊደርስ ይችላል። ጓደኛሽ እንዳለው ገደቡ ከፍ ቢል ጽሑፉ ይጠፋል፤ ችግሩ ባለበት ይቀጥላል፤ አንቺም ያለሽን ብቸኛ ምስክር ታጫለሽ። ይልቅ ፕሮግራሙን «ትሬስ ዋርኒንግስ» በሚለው አማራጭ አስነሺው። አድማጩ የተመዘገበበትን የኮድ መስመር ራሱ ይነግርሻል።

እኔ የምጠረጥረው ይህን ነው፦ እያንዳንዱ ርክክብ ሲገባ ኮዱ ሁሉም በጋራ በሚጠቀሙበት የዳታቤዝ ግንኙነት ላይ ስሕተት ቢፈጠር የሚሰማ አድማጭ ይመዘግባል፤ ሲጨርስ አያነሣውም። አድማጩ በውስጡ የርክክቡን መረጃ፣ የገበሬውን ስም፣ ሊትሩን፣ የሚላክለትን መልእክት ሁሉ እንደያዘ ይቀራል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሰናከሉበት ነገር አለ። አድማጩን «ኦን» በሚለው ፈንታ «ዋንስ» በሚለው መዝግበው የተገላገሉ ይመስላቸዋል። «ዋንስ» አድማጩን የሚያነሣው ክስተቱ ሲደርስ ነው። ስሕተት ካልተፈጠረ፣ ደግሞም አብዛኛውን ጊዜ አይፈጠርም፣ አድማጩ እዚያው ተቀምጦ ይቀራል። ሥራው ተሳካም አልተሳካም በ«ፋይናሊ» ክፍል ውስጥ በ«ሪሙቭ ሊስነር» መነሣት አለበት። ከዚያ ሁሉ የሚሻለው ግን የጋራ ለሆነው ግንኙነት ፕሮግራሙ ሲነሣ አንድ አድማጭ ብቻ መመዝገብ ነው።

ጥርጣሬዬን በቃሌ አትቀበዪው፤ ፈትኚው። በላፕቶፕሽ ላይ የሙከራ ዳታቤዝ አዘጋጂ። አጭር መልእክት የሚልከውን ክፍል ዝጊው፤ ያልተረከበ ወተት ማረጋገጫ ለእውነተኛ ገበሬ ስልክ እንዳይሄድ አደራ። ፕሮግራሙን «ኢንስፔክት» በሚለው አማራጭ አስነሺና ከክሮም ጋር አገናኚው። ጥቂት ርክክብ ልከሽ ካሟሟቅሽው በኋላ የመጀመሪያውን ሂፕ ስናፕሾት (ቪ8 ዕቃዎቹን የሚያስቀምጥበትን የሜሞሪ ክፍል፣ የሂፕን፣ የቅጽበት ፎቶ) አንሺ። ቀጥሎ 1,137 ርክክብ ላኪ። ለምን 1,000 አይሆንም ትዪኝ ይሆናል፤ 1,000 በሌላ ምክንያትም ሊመጣ ይችላል፤ 1,137 ግን እንዲያው አይገጥምም። ሁሉም እስኪያልቅ ጠብቂና ሁለተኛውን አንሺ። ክሮም ከማንሣቱ በፊት ጽዳት ስለሚያስኬድ የቀረው ሁሉ በሆነ ነገር የተያዘ ነው። «ኮምፓሪሰን» የሚለውን መርጠሽ «ዴልታ» በሚለው ዓምድ 1,137ን ወይም ብዜቱን ፈልጊ። ካገኘሽ በኋላ ከታች «ሪቴይነርስ» የሚለው ክፍል ዕቃውን ማን እንደያዘው አንድ በአንድ ያሳይሻል። ካስተካከልሽ በኋላ ያንኑ ፈተና ድገሚ፤ ቁጥሩ መጥፋት አለበት።

በሥራ ላይ ባለው ሰርቨር ላይ ይህን አታድርጊ። ስናፕሾት ሲነሣ ፕሮግራሙ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ እሱ ራሱም ብዙ ሜሞሪ ይፈልጋል፤ ሊሞላ የተቃረበውን ጭራሽ ይጥለዋል። ፋይሉ ውስጥ ደግሞ የገበሬዎቹ ስምና ስልክ እንዳለ ይገባልና ለማንም አትላኪው፤ ለእኔም ጭምር።

ኃላፊሽ ቅን አስበው ነው። ግን ሜሞሪው እጥፍ ቢሆን አራት ቀኑ ስምንት ቢሆን ነው። ገንዘቡ ለወተት ማቀዝቀዣ ቢውል እመርጣለሁ። የሌሊቱን ማስነሣት መፍትሔው እስኪገኝ ድረስ አታቋርጪው። እኔም የመንዝ ልጅ ነኝ፤ እናቴ የወተቷን ሂሳብ ወር እስኪሞላ በቃሏ ይዛ ስትጠብቅ አይቻለሁ፤ ጠዋት ሰርቨር ወድቆ የአንዲት እናት ሊትር ሳይመዘገብ እንዲቀር አልፈልግም። ሌሊት ከማስነሣቱ በፊት ግን «ሜሞሪ ዩሴጅ» የሚሰጣቸውን ቁጥሮች ሎጉ ላይ ያስመዝግብ።

ሲወድቅም የመውጫ ኮዱን ተመልከቺ። 137 ከሆነ በኃይል የተገደለ ነው፤ የሊኑክስ ከርነል (የሰርቨሩ ስርዓተ ክወና እምብርት) ሎግ ላይ ሜሞሪ አልቆ እንደገደለው የሚናገር መስመር ካለ ገዳዩ እሱ ነው። 134 ሆኖ ሎጉ ላይ ሂፕ አልቋል የሚል ካለ የቪ8 የራሱ ገደብ ሞልቶ ነው።

በየሌሊቱ ከምታስመዘግቢያቸው መካከል «ሂፕ ዩዝድ» (ከሂፕ የተያዘው) እና «አርኤስኤስ» (ፕሮግራሙ በጠቅላላ የያዘው ሜሞሪ) የሚባሉትን አስተያዪ። ሁለቱም አብረው ካደጉ ከላይ ያልኩሽ መንገድ ያደርስሻል። «ሂፕ ዩዝድ» ባለበት ቆሞ «አርኤስኤስ» ብቻ እየጨመረ ከሆነ ግን አድማጩን ተይና «ኤክስተርናል» የሚለውን ተመልከቺ፤ ዕቃው ከቪ8 ሂፕ ውጭ ነው፤ በባፈር (የጥሬ ዳታ ማቆያ) ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ በተጻፈ ተጨማሪ ሞጁል ውስጥ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ የሳምንቱን ቁጥሮችና የምትጠቀሚባቸውን ሞጁሎች ዝርዝር ላኪልኝ፤ በሚቀጥለው እትም ከዚያ እንነሣለን።