ለአሮጌ ኮሮላ ሲንተቲክ ዘይት ይሆናል?

ከአዳማ አንድ አንባቢ ጽፈውልኛል። የ2003 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ አላቸው። ኪሎ ሜትሩ 280 ሺህ አልፏል። እስካሁን የሚጠቀሙት ተራውን፣ 20ደብልዩ-50 የሚባለውን ወፍራም ዘይት ነው። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀይራሉ፤ በመሀል አንድ ሊትር ተኩል ያህል ይጨምራሉ። «ጓደኛዬ ሲንተቲክ አድርግበት፣ ሞተሩ ዕድሜ ያገኛል፣ የምትቀይረውም በ10,000 ነው ይለኛል። መካኒኬ ደግሞ አሮጌ ሞተር ውስጥ ሲንተቲክ ከገባ በየፓራኦሊዮው (ዘይት እንዳይወጣ በሚይዘው የጎማ ማሸጊያ) ያፈሳል፣ እንዳትሞክረው አለኝ። የማንን ልስማ?» ይላሉ።

መልሱን ላስቀድም። ሲንተቲክ፣ ማለትም በፋብሪካ የተቀነባበረ ዘይት፣ ሞተርዎን አይጎዳውም። አሁን ግን አይግዙት። መጀመሪያ ያ አንድ ሊትር ተኩል የት እንደሚሄድ ማወቅ አለብን።

ከጓደኛዎ ምክር ልጀምር፤ እኔን ያስፈራኝ እሱ ነውና። የርስዎ ሞተር ከነፊልትሮው የሚይዘው ዘይት 3.7 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። በ5,000 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ተኩል ከበላ፣ በ10,000 ሦስት ሊትር ይበላል ማለት ነው። «ሲንተቲክ ነው» ብለው ተማምነው ክዳኑን ሳይከፍቱ ቢነዱ፣ ሞተሩ ውስጥ የሚቀረው ሊትር አይሞላም። እዚያ ሳይደርስም ያልቅለታል። አሮጌ ሞተር ገዳዩ የዘይቱ ዓይነት አይደለም፤ የዘይቱ ማነስ ነው። ቀዩ የዘይት መብራት ደግሞ ግፊትን እንጂ መጠንን አያሳይም። እሱ እስኪበራ የጠበቀ ሰው ዘግይቷል። መብራቱ ኩርባ ላይ ብልጭ ካለ ወዲያው ዳር ይዘው ሞተሩን ያጥፉ።

የመካኒክዎ ስጋትም ከባዶ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሲንተቲክ ዘይት ለመኪና በሰፊው መሸጥ ሲጀምር ጎማ ነክ ክፍሎችን የሚያኮማትር ነበር። ፓራኦሊዮ ሥራውን የሚሠራው ከዘይቱ ትንሽ ጠጥቶ ለስልሶ፣ ትንሽም አብጦ ነው። የድሮው ሲንተቲክ ይህን አይሰጠውም ነበር፤ ስለዚህ ያፈስ ነበር። አምራቾቹ ችግሩን አይተው ጎማውን የሚያለሰልስ ነገር መጨመር ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆነ። ዛሬ የሚሸጠው ጤነኛ ፓራኦሊዮ አያበላሽም።

ጤነኛ ያልሆነው ግን ሌላ ነገር ነው። ለሃያ ዓመት በሙቀት የደረቀ ፓራኦሊዮ አንዳንዴ የሚይዘው በዙሪያው የተጋገረ ዝቃጭ ስላለ ነው። ጥሩ ዘይት ዝቃጩን ቀስ እያለ ያጥበዋል፤ የተደበቀው ቀዳዳም ይወጣል። ባለመኪናው ሲንተቲኩን ይረግማል፤ ፓራኦሊዮው ግን ድሮም አልቆ ነበር። መካኒክዎ ያዩት ይህን ይመስለኛል፤ ስለዚህ አይፍረዱባቸው።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ፣ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ የዘይት ማያ ዘንጉን አውጥተው ይጥረጉና መልሰው ያንብቡ። እስከ ላይኛው ምልክት ይሙሉት፤ አያሳልፉት። ኪሎ ሜትሩን ይጻፉ። 1,000 ኪሎ ሜትር ነድተው በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ይለኩት። ማታ ማታ ከሞተሩ ሥር ካርቶን ያንጥፉ። ካርቶኑ ላይ የሚንጠባጠብ ካለ ዘይቱ እየፈሰሰ ነው። ካርቶኑ ደረቅ ሆኖ ዘይቱ ከቀነሰ ሞተሩ እያቃጠለው ነው ለማለት ይቀርባል።

የሚፈስ ከሆነ ሞተሩን መጀመሪያ ያሳጥቡትና ከላይ ወደ ታች ያስፈትሹ። በዚህ የኮሮላ ሞተር ላይ ሁለት ቦታ ቶሎ እጠረጥራለሁ። አንዱ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ክዳን ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው ነው። ሁለተኛው የካቴናው (የሞተሩ ሰንሰለት) መወጠሪያ ሥር ያለችው ትንሽ የጎማ ቀለበት ናት። እሷ ስትደርቅ ዘይቱ በሞተሩ ጎን ወርዶ ታች ይሰበሰባል፤ ያየው ሰው የክራንኩ ፓራኦሊዮ ነው ብሎ ትልቅ ሥራ ያዝዛል። ቀለበቷ ግን ርካሽ ናት፣ ቅያሪዋም ብዙ ጊዜ አይወስድም። ከዚህ ጋር የፒሲቪ ቫልቩን ይመልከቱ። የሞተሩን የውስጥ ትንፋሽ የሚያስወጣ ትንሽ ቫልቭ ነው። ነቅለው ሲነቀንቁት ካልተንኳኳ ተደፍኗል። ትንፋሽ መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በየፓራኦሊዮው ይገፋዋል፤ አዲስ ቢያስገጥሙም መልሶ ያፈሳል። ፓራኦሊዮ ከመግዛትዎ በፊት ይህን ይቀይሩ።

የሚቃጠል ከሆነ ጭሱን የሚያይ ሰው ከኋላ ያስከትሉ። ጠዋት ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ የቫልቭ ጎሚኒዎቹ (የቫልቮቹ የጎማ ማሸጊያዎች) ደርቀዋል። ረጅም ቁልቁለት እግርዎን ከነዳጅ መስጫው አንስተው ወርደው፣ ታች ሲረግጡት የሚያጨስ ከሆነም እነሱው ናቸው። ዳገት ላይ እየረገጡ ሳያቋርጥ የሚያጨስ ከሆነ ግን ጣጣው ፋሻው፣ ማለትም ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት ላይ ነው። የዚህ ሞተር ቤተሰብ የታወቀ ድካም አለበት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የወጡት ፒስተኖች ከዘይት ፋሻው ጀርባ ያሉት የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ጠባብ ነበሩ። በካርቦን ይደፈናሉ፣ ፋሻው ይጣበቃል፣ ዘይቱ ወደ ላይ ያልፋል። ቶዮታ በኋላ ፒስተኑን አሻሽሎታል። ጥሩ ዘይት በአጭር በአጭሩ ሲቀየር የተጣበቀ ፋሻ አንዳንዴ ይላላል። ያለቀ ፋሻ ግን ምንም ዘይት አይመልሰውም። በፈጣን መንገዱ አዲስ አበባ የሚመላለሱ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ለረጅም ሰዓት በከፍተኛ ዙር ስለሚሠራ የሚበላው ከከተማው ይበልጣል። ልኬቱን ሲያነቡ ይህን ያስቡ።

እንግዲህ ውሳኔው። በ1,000 ኪሎ ሜትር የሚጎድለው ከግማሽ ሊትር በላይ ከሆነ ሲንተቲኩን ይተዉት። የሚቃጠል ዘይት ላይ ውድ ብር ማፍሰስ ነው። ያንኑ ገንዘብ ለኮምፕሬሽን (የሲሊንደር ግፊት) ምርመራና ለጥገና ይያዙት፤ እስከዚያ ጥሩ ተራ ዘይት በየ4,000 እየቀየሩ ይንዱ። ከዚያ በታች ከሆነ፣ ፍሳሹም ከተዘጋ፣ ሲንተቲክ ይገባዋል። ሙቀትን ይችላል፣ ቶሎ አይወፍርም፣ ዝቃጭ አይሠራም፣ ጠዋት ሲነሳም ላይ ቴስታታው ድረስ ፈጥኖ ይደርሳል። የርስዎ ሞተር ካቴናውን የሚወጥረውም፣ የቫልቮቹን መክፈቻ ጊዜ የሚያስተካክለውን ቪቪቲአይ የሚያንቀሳቅሰውም በዘይት ግፊት ነው። ለእነሱ ንጹሕ ዘይት ትልቅ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሁለት ነገር ያምታታል። ሲንተቲክ መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ መቅጠኑ ሌላ። ከ20ደብልዩ-50 ተነስተው በአንዴ ወደ 5ደብልዩ-30 አይዝለሉ። ለላላ ሞተር ይቀጥናል፤ መብላቱም መፍሰሱም ይብሳል። ከደብልዩ በፊት ያለው ቁጥር የቅዝቃዜ ጊዜ ባሕርዩ ነው፤ ለአዳማ ብዙም አያስጨንቅም፣ ለደብረ ብርሃን የጥር ጠዋት ግን ይሠራል። ኋላ ያለው ሞተሩ ሲሞቅ ያለው ውፍረት ነው። ለርስዎ 10ደብልዩ-40 ወይም 5ደብልዩ-40 እመርጣለሁ። ከመመሪያ መጽሐፉ የሙቀት ሠንጠረዥ ጋር ያመሳክሩት። የዘይቱ ጄሪካን ጀርባ ላይ ኤፒአይ የሚባለውን የዘይት ጥራት ደረጃ ይፈልጉ፤ ኤስኤል ወይም ከእሱ በኋላ የመጡት ኤስኤም፣ ኤስኤን፣ ኤስፒ ይሆናሉ። ኤስኤፍ የሚል ካዩ እ.ኤ.አ. ለ1980ዎቹ መኪና የተሠራ ነው፤ ይለፉት።

ከመቀየርዎ በፊት የዘይት መጨመሪያውን ክዳን ከፍተው በባትሪ ውስጡን ይዩ። ብረቱ ቡናማ ብቻ ከሆነ ጥሩ ነው። ጥቁር ወፍራም ዝቃጭ ከተጋገረ ግን ጋራዡ «በፍላሽ (በማጠቢያ ኬሚካል) እናጥበው» ሲልዎት እምቢ ይበሉ። ዝቃጩ በአንዴ ተነቅሎ ታች ያለውን የዘይት መምጠጫ ወንፊት ይደፍነዋል፤ ከዚያ ሞተሩ ያለ ዘይት ይዞራል። ቀስ ብሎ መጽዳት አለበት። የመጀመሪያውን ሲንተቲክ በ2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ያፍስሱት፤ ፊልትሮውንም አብረው ይቀይሩ። ቢቸግርዎት ለዚያ ዙር ሰሚ ሲንተቲክ (ከተራ ጋር የተቀላቀለ) ይበቃል። በውስጡ የቀረው ተራ ዘይት ከአዲሱ ጋር ቢደባለቅ ችግር የለውም።

ከዚያ በኋላ በየ6,000 ወይም 7,000 ይቀይሩ። ጄሪካኑ ላይ 15,000 ተብሎ ቢጻፍም አይስሙት። የኛ አቧራ፣ የኛ መጨናነቅና የሞተሩ ዕድሜ እዚያ ስሌት ውስጥ የሉም። የአየር ማጣሪያውንም አይርሱ፤ ሞተር ውስጥ የገባ አቧራን የትኛውም ዘይት አያድነውም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ ካመጣው ወጪ በኋላ አሮጌ መኪና መተካት ቀላል አይደለም። ይህን ሞተር ማቆየት የሚያዋጣ ሥራ ነው።

ዘይቱን የሚገዙት ከሚያምኑት ሱቅ፣ ደረሰኝ ይዘው ይሁን። የክዳኑ ማሸጊያ ሳይነካ እርስዎ ፊት ይከፈት። ባዶውን ጄሪካን ጋራዡ ውስጥ ትተው አይሂዱ፤ ቀዳዳ አድርገው ይጣሉት፤ ሌላ ሰው የተቃጠለ ዘይት ሞልቶ እንዳይሸጥበት። ፊልትሮውን በራስዎ ዓይን አዲስ መሆኑን ይዩ። ከተቀየረ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሳምንት ዘንጉን በየቀኑ ይመልከቱ፤ ከዚያ ነዳጅ በቀዱ ቁጥር ማየት ይበቃል።