ጥያቄና መልስ፦ የሆስተስ ሰዓት ከየት ይቆጠራል?

የዛሬዋ መላሻችን የደሴ ልጅ ናት። በውጭ አገር አየር መንገድ ለዓመታት ሆስተስ ነበረች፤ በሠራተኛ ማኅበሩም ተወካይ ሆና ሠርታለች።

ሳላይሽ፦ እትዬ፣ ልጄ ኮምቦልቻ ኤርፖርት አውሮፕላን ባየች ቁጥር ሆስተስ እሆናለሁ ትላለች። ክፍያው በሰዓት ነው የሚባለው ምን ማለት ነው?

መልስ፦ ደግ ጠየቅሽ። በሰሜን አሜሪካ በቆየው አሠራር ሰዓቱ የሚቆጠረው በሩ ተዘግቶ አውሮፕላኑ ሲንቀሳቀስ ነው። ሻንጣው ከላይ አልገባ ብሎ ስትታገይ፣ ሕፃን የታቀፈች እናት ወንበር ስታስለውጪ በሩ ገና ክፍት ነው። በጣም የምትለፊበት ሰዓት አይከፈልሽም። በዚያ ላይ አበል አለ። አበል ደመወዝ አይደለም! በረራ ሲቀንስ አብሮ ይቀንሳል። ውል ስትፈርም ቤዚኩን፣ ማለትም አበል ያልተጨመረበትን መነሻ ደመወዝ ትይ።

ጦሳ፦ ስንት ይከፈላል?

መልስ፦ የት? በስንት ዓመት ልምድ? እንዲህ አይጠየቅም።

ሐረጎ፦ የማኅበር መሪ ሁሉ ከማኔጅመንት ጋር ይሞዳሞዳል። ምን ዋስትና አለ?

መልስ፦ ዋስትናው የአባላት ድምፅ ነው። በነሐሴ 2017 ከ10,000 በላይ የኤር ካናዳ ሆስተሶች ሥራ አቆሙ። መንግሥት ተመለሱ ቢል ማኅበሩ እምቢ አለ። ከቀናት በኋላ መሪዎቹ ተስማሙ፤ በሩ ሳይዘጋ ለሚሠራውም የተወሰነ ክፍያ ተገኘ። አባላቱ ግን የደመወዙን ክፍል 99.1 በመቶ ሆነው ጣሉት። መሪን መጠራጠር ነውር አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ኮሚቴው የስምምነቱን ማጠቃለያ ብቻ አንብቦ ሲያስጨበጭብ ነው። ሙሉ ጽሑፉን ሳታነቡ ድምፅ አትስጡ።

ቦርከና፦ የአሜሪካው አየር መንገድ ዴልታ እኮ ሆስተሶቹ ማኅበር ሳይኖራቸው በ2022 እ.ኤ.አ. ተሳፋሪ ለሚገባበት ሰዓት መክፈል ጀመረ። ማኅበር ለምን አስፈለገ?

ሐረጎ፦ በግማሽ ዋጋ ነው የሚከፍለው! ያኔ ደግሞ ሆስተሶቹን ለማደራጀት ቅስቀሳ ነበር። ፈርቶ ነው።

ቦርከና፦ ፈርቶም ይሁን ወዶ ከፍሏል። እኛ ፋብሪካ ማኅበር አለ፣ ምን አመጣ?

መልስ፦ የፋብሪካውን ሌላ ቀን። በማኅበር የተገኘ ክፍያ በኅብረት ስምምነት ይጻፋል፤ ድርጅቱ ብቻውን አይሰርዘውም። ያለ ማኅበር የተሰጠውን ግን በፈለገ ጊዜ ሊያነሳው ይችላል። ልዩነቱ ይሄ ነው።

ፒያሳ፦ እዚህ አገር ሆስተስ ሥራ ማቆም ይችላል?

መልስ፦ አይችልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የአየር ትራንስፖርትን ሥራ ከማይቆምባቸው አገልግሎቶች መድቦታል። ስለዚህ ድርድሩ ላይ ነው መበርታት።

ጦሳ፦ እሺ፣ ባጠቃላይ ክፍያው ጥሩ ነው?

መልስ፦ ጦሳ፣ ከላይ የተጻፈውን አንብብ። አበሉን ቀንስና ቤዚኩን ተመልከት።