የፈሰሰ ዘይት በፀሐይ ይጠፋል?

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ፣ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ዳር ጎማ እጠግናለሁ። የከባድ መኪኖች ዘይትና ናፍጣ ደጄ ላይ ይንጠባጠባል። ባለፈው ክረምት ካፊያ ሲጥል አንድ ባለባጃጅ እዚያው ተንሸራቶ ተገለበጠ። ዘይትን በፀሐይ የሚያጠፋ ዱቄት አለ ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዱቄቱ አለ። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ይባላል፤ ነጭ ቀለም የሚነጣው በእሱ ነው። ጃፓናውያኑ ሳይንቲስቶች ፉጂሺማና ሆንዳ በ1972 እ.ኤ.አ. ውሃን በብርሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን የከፈሉት በዚሁ ነገር ነበር። በናኖ መጠን ሲደቅ፣ ማለትም ቅንጣቱ የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ክፍሎች ሲሆን፣ ብርሃንና ዘይት የሚያገኘው ገጽ እጅግ ይሰፋል። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍበት ከእርጥበትና ከአየር ኃይለኛ ቅንጣቶችን ይፈጥራል፤ እነሱም የዘይቱን የካርቦን ሰንሰለት ይበጣጥሳሉ። እስከ መጨረሻው ከሄደ የሚቀረው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ነው። ዱቄቱ ራሱ አያልቅም።

የአዳማ ፀሐይ ለዚህ የተመቸ ነው። ነገር ግን ዱቄቱ የሚያሸንፈው እንደ ሽፋን የሳሳውን ቅባት ብቻ ነው። ጥቁር ሆኖ የተኛ የሞተር ዘይት ብርሃኑን ይጋርዳል፤ አቧራም እንዲሁ። ደግሞም አስፋልቱን የሚያያይዘው ሬንጅ ራሱ የነዳጅ ዘይት ውጤት ነው፤ ያለ ጥንቃቄ የተነሰነሰ ዱቄት እሱንም ሊያስረጅ ይችላል።

የባለባጃጁ ነገር አሳስቦኛልና ዱቄቱን አይጠብቁ። ዘይት ሲፈስ ወዲያው ሰጋቱራ ወይም ደረቅ አሸዋ ይበትኑበት፤ ሲመጠው ጠርገው ክዳን ባለው በርሜል ያኑሩት። ወደ ቦዩ አይድፉት፣ በውሃም አይጠቡት።