ከስምንተኛው እርምጃ በኋላ

ባለፈው ሳምንት ቼዝ የማስተምራት የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ስልኳን ይዛ መጣች። ኢንተርኔት ላይ ከተሰበሰቡት ጨዋታዎች የእሷን ሬቲንግ፣ ማለትም የጥንካሬ ነጥብ፣ ያላቸውን ሰዎች መርጣ ስታይ፣ የንጉሥ ጋምቢት ለነጭ ጥሩ ውጤት ያመጣል። የማስተሮቹን፣ የትልልቆቹን ተጫዋቾች፣ ስትከፍት ግን ያው መክፈቻ ነጭን ይጎዳል። «ጋሼ፣ የትኛውን ልመን?» አለችኝ። ወዲያው መመለስ አቃተኝ። ከሃያ ዓመት በፊት የማውቀው አንድ ልጅ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

እ.ኤ.አ. በ2000 ክራምኒክ ለንደን ላይ የዓለም ሻምፒዮኑን ካስፓሮቭን ሲረታ እኔ የሂሳብ መምህር ነበርኩ፤ ከክፍል በኋላ ልጆች ቼዝ አስተምራለሁ። ክራምኒክ በጥቁር የበርሊን መከላከያ የሚባለውን፣ ንግሥቶቹ ቶሎ የሚበላሉበትን መክፈቻ ይዞ ቀረበ፤ ካስፓሮቭ በ15 ጨዋታ አንዴም ሳያሸንፍ 8.5 ለ6.5 ተሸነፈ። ከዚያ ወዲያ ሌላ መክፈቻ አልታይህ አለኝ።

ከልጆቹ አንዱ ለማጥቃት የተፈጠረ ነበር። በንጉሥ ጋምቢት ገና ሁለተኛው እርምጃ ላይ ወታደሩን ሲሰዋ ዓይኑ ይበራል። «ይሄ የድሮ ጨዋታ ነው፣ ትልልቆቹ ትተውታል» ብዬ አስተውኩት። በጥቁርም በርሊንን አስጠናሁት።

የትምህርት ቤቶች ውድድር ደረሰ። የበርሊንን ስምንት እርምጃ እንደ ዳዊት ደገመው። ንግሥቶቹ ተበላሉ፤ ንጉሡ ዲ8 በሚባለው ካሬ ላይ የነጭን ንግሥት ሲበላ ካስል ማድረግ፣ ማለትም ንጉሡን ከማማው ጋር አዛውሮ መከለል፣ ቀረበት። እዚያ ላይ እጁ ቆመ። ቀና ብሎ በዓይኑ ፈለገኝ፤ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ ነበር። ንጉሡን ወደ ኢ8 ወሰደው፣ ቆይቶ ወደ ዲ8 መለሰው። ተጋጣሚው በንጉሥ በኩል ያሉትን አራት ወታደሮች በእሱ ሦስት ላይ እየገፋ መጣ። ጨዋታው ሲያልቅ ወደ እኔ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ንግሥቶቹ ከወጡ በኋላ ምን ማድረግ ነበረብኝ?» አለኝ።

አላውቅም ነበር። እኔም የማውቀው እስከ ስምንተኛው እርምጃ ብቻ ነበር። «ገና ብዙ አጥና» አልኩት። በሚቀጥለው ሴሚስተር አልመጣም።

አያቴ የአገራችንን የድሮ ቼዝ፣ ሰንጠረዥን፣ ሲጫወቱ እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረም። ወረራ በሚሉት ጅማሬ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። አያቴ ከሰሌዳው ይልቅ የተጋጣሚያቸውን እጅ ነበር የሚያዩት።

ቁጥሩም ሲነበብ ተጋጣሚውን ማየት ያስፈልጋል። ፍራይድ ሊቨር የሚሉትን ጥቃት ውሰዱ። የነጭ ፈረስ ጂ5 ላይ ሆኖ ንጉሡ ብቻ የሚጠብቃትን ኤፍ7ን ያነጣጥራል። ጥቁር ወታደሩን ወደ ዲ5 ሲገፋ ነጭ በወታደር ይበላዋል፤ ጀማሪው ያንን ወታደር በፈረሱ መልሶ ይበላል፤ ነጭ ኤፍ7 ላይ ፈረሱን ሰውቶ ንጉሡን ወደ መሐል ይጎትተዋል። የበሰለው ተጫዋች ግን ሌላውን ፈረስ ወደ ኤ5 አውጥቶ ቢሾፑን ያባርራል። መክፈቻው ያው ነው፤ የሚመክተው ሰው ተለወጠ። ደግሞም ኢሎ በሚባለው የሬቲንግ ስሌት የ200 ነጥብ ልዩነት ካለ ጠንካራው ከ100 ጨዋታ 76 ነጥብ ያህል ይሰበስባል። መክፈቻ ብቻውን ይህን ያህል ክፍተት አይሞላም።

የዛሬ ልጆች ትቸኩላላችሁ። የወጥመድ ቪዲዮ አይታችሁ ወዲያው የሦስት ደቂቃ ጨዋታ ውስጥ ትገባላችሁ፣ ተሸንፋችሁም ያንን ጨዋታ ዞር ብላችሁ አታዩትም። ይህ ያናድደኛል። ግን ያን ጊዜ እንደ እናንተ በየደረጃው የተለየ ቁጥር በእጄ ቢኖር፣ በርሊንን ልጁ ላይ ባልጫንኩበት ነበር። ሽምደዳንም አልወድም፤ ሆኖም ሬቲንጉ 2200 ለደረሰ ሰው ያለ ሽምደዳ አይሆንለትም፤ ይህንንም አልክድም።

ለተማሪዬ ጋምቢቱን ተጫወቺ አልኳት። የተጫወትሽውን ጻፊ፣ እጅሽ የቆመበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጊ አልኳት። ትናንት ሦስት ጨዋታ ይዛ መጣች፤ ሁለቱን ተሸንፋለች። በአንደኛው ዘጠነኛው እርምጃ ሥር በቀይ አስምራበታለች። ሰሌዳውን ዘርግተን ከእሱ ጀመርን፤ እስኪመሽ አልተነሳንም።