በውስኪው ውስጥ ያለው ጢስ የት ሄደብኝ?

ጥያቄ፦ ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ በቅርቡ በስኮትላንድ ኦርክኒ ደሴቶች የተሠራ፣ 12 ዓመት በርሜል ውስጥ የቆየ ሲንግል ሞልት (በአንድ ፋብሪካ ከገብስ ብቅል ብቻ የተሠራ) ውስኪ በስጦታ ደረሰኝ። «ቀለል ያለ የጢስ ጠረን አለው» ስለተባልኩ ብርጭቆውን በበረዶ ሞልቼ ቀመስኩት፤ ነገር ግን ጢስ የሚባል ነገር አላገኘሁበትም። ጉድለቱ ከእኔ ነው ወይስ ከውስኪው? ውሃ ቢጨመርበትስ ይበላሻል?

መልስ፦ ጉድለቱ ከእርስዎም ከውስኪውም አይደለም፤ ከበረዶው ነው። ጢስን በዋናነት የምናውቀው በአፍንጫችን ሲሆን፣ ቅዝቃዜ ደግሞ ጠረን ሰጪዎቹ ንጥረ ነገሮች ከፈሳሹ ወጥተው ወደ አፍንጫ እንዳይደርሱ ያግዳቸዋል። ጢሱ ኃይለኛ የሆነ ውስኪ ይህን ተቋቁሞ ሊሰማ ይችል ይሆናል፤ የእርስዎ ዓይነቱ ለስላሳ ውስኪ ግን ድምፁ ይጠፋል።

ጢሱ የሚገባው ገና ከመነሻው፣ ብቅሉ ሲደርቅ ነው። ፒት የሚባለው፣ በረግረጋማ መሬት ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሳይበሰብስ ለሺህ ዓመታት የተከማቸ የዕፅዋት ቅሪት ከእርጥቡ ብቅል ሥር ሲነድድ፣ በጢሱ ውስጥ ያሉት ፌኖል የተባሉ ውህዶች በገብሱ ላይ ይጣበቃሉ። መጠናቸው የሚለካው ከሚሊዮን ክፍል ስንት እንደሆኑ ታይቶ ነው፤ በስኮትላንድ አይላ ደሴት የሚገኘው የውስኪ ፋብሪካ አርድቤግ 55 ገደማ ያለው ብቅል ሲጠቀም፣ ቀለል ያሉቱ ብዙውን ጊዜ ከ20 በታች ናቸው። ይሁን እንጂ ቁጥሩ የተለካው በብቅሉ ላይ እንጂ በብርጭቆዎ ውስጥ ባለው መጠጥ ላይ ስላልሆነ፣ በመጥመቅና በማንጠር ሂደት ብዙው ስለሚቀር፣ በእኔ እምነት ውስኪን በዚህ ቁጥር መምረጥ አሳሳች ነው።

የኦርክኒ ጢስ የራሱ ባሕርይ አለው። ደሴቶቹ ዛፍ የሌለባቸው ያህል በመሆናቸው ፒታቸው በአብዛኛው ሄዘር ከተባለው ቁጥቋጦ የመጣ ነው፤ ስለዚህም ጢሱ እንደ አይላው የባሕርና የመድኃኒት ጠረን ሳይሆን አበባማና ጣፋጭ ነው። በኦርክኒዋ ኪርክዎል ከተማ ያለው የውስኪ ፋብሪካ ሃይላንድ ፓርክ ደግሞ በፒት የደረቀውን ብቅል ጢስ ካልነካው ብቅል ጋር ስለሚቀላቅል፣ ጢሱ ከሌላው ጣዕም ሥር ተነጥፎ የሚገኝ እንጂ ፊት ለፊት የሚቀድም አይደለም።

እንግዲህ ሲቀምሱ ጢሱን አያሳድዱት። ከታች ሰፋ ብሎ ወደ አፉ በሚጠብ ብርጭቆ ጥቂት ይቅዱና አሥር ደቂቃ ያህል ይተዉት፤ ከዚያም አፍዎን በትንሹ ከፍተው ያሽትቱት፤ አፍንጫን በብርጭቆው ውስጥ መቅበር ከአልኮሉ መለብለብ በቀር የሚያተርፈው የለም። አስቀድመው ማሩን፣ የብርቱካን ልጣጩን፣ ከበርሜሉ የመጣውን የደረቀ ፍሬ ይፈልጉ። ጥቂት ተጎንጭተው በምላስዎ ላይ ካንከባለሉ በኋላ ይዋጡትና በአፍንጫዎ ቀስ ብለው ይተንፍሱ። ቀላል ጢስ የሚመጣው በዚህች ቅጽበት ነው፤ ብዙዎች ግን ከዚህች ቅጽበት በፊት ሁለተኛውን ጉንጭ ስለሚያስከትሉ ሳያገኙት ይቀራሉ።

ውሃን በተመለከተ፣ ምንም ሳይሰጉ በሻይ ማንኪያ እየለኩ ይጨምሩ። የስዊድኑ ሊኔየስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 በኮምፒውተር ስሌት እንዳሳዩት፣ የጢስ ጠረን ከሚሰጡት ውህዶች አንዱ የሆነው ጉዋያኮል አልኮሉ ከ45 በመቶ በማይበልጥበት ድብልቅ ውስጥ ወደ ፈሳሹ ገጽ ይጠጋል፤ ይህም ለአፍንጫ ያቀርበዋል። ውስኪዎ በሕግ ከተወሰነው ዝቅተኛ መጠን፣ ከ40 በመቶ፣ ብዙም የማይርቅ ከሆነ ግን አንድ ማንኪያ ይበቃዋል፤ ከዚያ ካለፈ ጣዕሙ ይሳሳል።

ከሁሉ በላይ የምመክርዎት ሙከራ አንድ ነው፦ ጠጥተው ሲጨርሱ ብርጭቆውን ሳያጥቡ ያሳድሩት። አልኮሉ በንኖ ከሄደ በኋላ ጠዋት ሲያሸቱት፣ ከብርጭቆው ግድግዳ ላይ የቀረው ያው ያጡት ጢስ ነው።